ቆዳውን ማን ፋቀው?

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን የተነሣ አንድ ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። የነገሩ መነሻ የኔ በገና ነው። እንዝራዎቹን አውልቄ በጋዜጣ ላይ ደርድሬ፣ አንደኛዋን በምላጭ ሳሳሳ ያየኝ ጓደኛችን (የምህንድስና ተማሪ ነው) «አንተ የምትማረው በገና መደርደር ነው ወይስ ጫማ መስፋት?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። ቀልዱ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም። እሱ ቀጠለና «ሰው መኪና ለመንዳት መካኒክ መሆን አለበት እንዴ? ለሁሉም ባለሙያ አለው፤ ከፍለህ ታሠራለህ፣ የቀረውን ጊዜህን ትደረድርበታለህ» ብሎ ሞገተኝ። እኔም በበኩሌ «መሣሪያውን መጠገን የማይችል ሰው መሣሪያውን ያውቃል አይባልም፤ ተከራይ ነው» አልኩ። «ተከራይ» የምትለዋ ቃል ለሌሎቹም ስለጣመቻቸው ወደኔ አዘነበሉ፤ እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ ተኛሁ።

በማግሥቱ ነገሩን ለአንዲት የክፍል ጓደኛችን በካፌ ተቀምጠን ብነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «እንዝራውን ራስህ መቁረጥ የጀመርከው ለምንድን ነው?» አለች። ያን ጊዜ የሰጠኋት መልስ እውነት አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው።

አስቀድሜ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል፤ በግቢያችን በገናን በቴሌቪዥን እንጂ በቅርብ ያላየው ይበዛልና። በገና ዐሥር አውታር አለው። ሁለት ምሰሶ፣ በላያቸው የተጋደመ ቀንበር፣ በሥራቸው ደግሞ በበሬ ቆዳ የተለበጠ ገበቴ አለው። አውታሮቹ ከበግ አንጀት የተከረሩ ናቸው፤ ዛሬ ናይለን የሚጠቀምም ብዙ ነው። ዐሥሩም አይመቱም፤ በአብዛኛው ስድስቱ ይደረደሩና የቀሩት የጣት ማረፊያ ይሆናሉ። ታዲያ በገናን በገና የሚያደርገው ያ እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርመው ድምፅ ከአንጀቱ ብቻ የሚወጣ አይምሰላችሁ። አውታሮቹ በሚያልፉበት በርኩማ ላይ፣ በእያንዳንዱ አውታርና በእንጨቱ መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። እንዝራ ማለት እሷ ናት። የጥፍር ታህል ናት። አውታሩ ሲርገበገብ እየነካካት ያጉረመርማል። በፀጉር ውፍረት ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብትሳብ ድምፁ ይጠፋል፤ ሲጠፋ ደግሞ በገናው ትልቅ ክራር ይሆናል። (ክራር ተጫዋቾች አትቀየሙኝ።)

መምህራችን በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድም መዝሙር አላስተማረንም። መቃኘት ብቻ ነበር። ሶዶ ላይ ዐቢይ ጾምና በልግ ይገናኛሉ፤ በገና የሚፈለግበት ወቅት ዝናብ የሚጀምርበትም ወቅት ነው። ጠዋት በሰላምታ ቅኝት ያስተካከልከው አውታር ከዳሞታ ደመና ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው እርጥበት ይጠጣና ሌላ ሆኖ ይቆይሃል። አንዳንዱ ጭራሽ በመሐል ይበጠሳል። ስለዚህ ደርዳሪ ከመዘመሩ በፊት አድማጭ መሆንን ይማራል። ይህ የኛ ችግር ብቻም አይደለም። የፈረንጆቹን ሃርፕሲኮርድ እንውሰድ። ከውጭ ሲያዩት ፒያኖ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የበገና ዘመድ ነው። ፒያኖ አውታሩን በመዶሻ ይመታል፤ ሃርፕሲኮርድ ግን ቁልፉ ሲጫን አንዲት ቀጭን እንጨት ትነሣና በጫፏ በተሰካች የላባ አንጓ አውታሩን ቆንጥራ ትመለሳለች። ላባው ጥንት ከቁራ ክንፍ ይወሰድ ነበር፤ በቆዳ የሚሠሩም ነበሩ። ላባ ይደክማል፣ ይሰበራል፤ እንጨቱ በእርጥበት ያብጣል፤ አውታሩ ከቅኝት ይወጣል። ፎርኬል የተባለው ጸሐፊ በ1802 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዮሐን ሰባስቲያን ባኽ የሕይወት ታሪክ እንደሚነግረን፣ ባኽ ላባውን የሚተክለው ራሱ ነበር፤ የሌላ ሰው ሥራ አያረካውም። የሚቃኘውም ራሱ ነበር፤ ከ15 ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም ይባላል። ያን ሁሉ ዜማ የደረሰ ሰው ቢላዋ ይዞ የቁራ ላባ ሲስል ማሰብ ደስ ይለኛል። በዚያ ሌሊት ለጓደኛዬ የባኽን ነገር ስነግረው ዝም ያለውም ለዚህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ክርክሩን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመልሰው። አንድን ነገር የሚያውቀው ማን ነው? የሚጠቀምበት ወይስ የሚሠራው?

ፕላቶን በ«ሪፐብሊክ» ዐሥረኛ መጽሐፉ ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቷል። ለእያንዳንዱ ነገር ሦስት ጥበብ አለ ይላል፤ የመጠቀም፣ የመሥራትና የመምሰል። ዕውቀት ያለው በሚጠቀመው ዘንድ ነው። ዋሽንት ነፊው የትኛው ዋሽንት በደህና እንደሚያገለግል ለሠሪው ይነግረዋል፤ ሠሪውም አምኖ ይሠራል። ነፊው ያውቃል፤ ሠሪው ያምናል። ልጓምንም እንደዚሁ ቆዳ ሠሪውና ብረት ቀጥቃጩ ይሠሩታል እንጂ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት የሚያውቀው ፈረሰኛው ብቻ ነው ይላል። እውነቱን ለመናገር ይህን በመጀመሪያ ዓመት የፍልስፍና ክፍለ ጊዜ ሳነብ በጣም ትክክል መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ፕላቶን ምሳሌ የፈለገባቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ አያችሁ? ቆዳ ሠሪና ቀጥቃጭ። በኛም አገር ቢሆን ምሳሌው ከዚያው ሠፈር ነበር የሚመጣው።

አሁን ለክፍል ጓደኛችን ያልነገርኳትን ልንገራችሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ በዐቢይ ጾም። ከአውታሮቼ አንዱ ድምፁ ታፈነ። እንዝራውን ብለውጥ፣ ብገለብጥ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ብል አልሆነም። ለሰንበት የምንደረድርበት ጉባኤ ነበረ። መምህሬ በዳሞታ ግርጌ የሚኖሩ አንድ ቆዳ ፋቂ ሽማግሌ እንዳሉ ነግሮኝ በገናዬን ተሸክሜ ሄድኩ። ከቤታቸው ደጅ ቆዳ በችካል ተወጥሯል። ሽታው ገና ከመንገዱ ይቀበላል። «ሳሮ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ፤ ሽማግሌው ከሥራቸው ቀና ብለው ሰላምታዬን መለሱና ጨርቁን ገልጬ ያሳየኋቸውን መሣሪያ አተኩረው አዩት። በገና በእጃቸው ነክተው አያውቁም።

«እስቲ ምታው ልጄ» አሉኝ። መታሁት። ጆሯቸውን ገበቴው ላይ አስጠጉ። አንድ በአንድ አስመቱኝ። «ሌሎቹ ይናገራሉ። ይኼኛው አፉን ይዘውታል» አሉ። እንዝራዋን አወጡና በጣታቸው አሹ፣ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጉ። «ይኼ እኮ የጫማ ቆዳ ነው፤ ቅባት ጠጥቷል። ቅባት የጠጣ ቆዳ ይተኛል እንጂ አይንቀሳቀስም» አሉኝ። እውነትም ከጫማ ሰፊ ያገኘሁት ቁራጭ ነበር። ከዚያ ከቤት ግድግዳ ላይ የደረቀ የፍየል ቆዳ አውርደው በእግራቸው ጣት ይዘው በአንድ ምት ቀደዱት፤ ጫፏን አሳስተው ሰጡኝ። ከተትኳት። አውታሩ አጉረመረመ። እኚህ ሰው መሣሪያው ምን እንደሚባል እንኳ አያውቁም ነበር።

ፕላቶን ይኼን ቢያይ ምን ይል ነበር? እርግጥ ሽማግሌው ሁሉን አላወቁም። አንዱ አውታር ከቅኝት ወርዶ ሳለ «ደህና ነው» ብለውኛል፤ የቅኝቱ ነገር የኔ ፈንታ ነበር። ነገር ግን ድምፁ ለምን እንደሞተ እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ያውቃሉ። ያወቁትም ከኔ ሰምተው፣ እኔን አምነው አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ቆዳ ሲፍቁና ሲያለፉ በእጃቸው ያጠራቀሙት ነው። እንዲህ ያለውን ዕውቀት «እምነት» ብቻ ብሎ መጥራት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ባለ አገልጋይ ቤት ተቀምጦ የታሰበ ፍልስፍና ይመስለኛል።

ታሪኩ ግን እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ደስ ባለኝ። ባለቤታቸው ከጓዳ ወጥተው በሸክላ ስኒ ሃይታ ቱኬ አቀረቡልኝ። የቡና ቅጠል ተወቅጦ በቅመም የሚፈላው ማለቴ ነው፤ የወላይታ ልጅ ሁሉ ያደገበት። ስኒውን አየሁት። እጄ አልተዘረጋም። «ጾም ላይ ነኝ እማማ» አልኩ። «ቅቤ የለውም ልጄ» አሉኝ። «አይ፣ ሰዓቱም አልደረሰም» አልኩ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ምሳዬን በልቼ ነው የመጣሁት። ሴትዮዋ ስኒውን መልሰው ይዘው ገቡ። ሽማግሌው ምንም አላሉም፤ ዐይናቸውን ወደ ቆዳው መለሱ። የጠየቁኝ ገንዘብ በጣም ትንሽ ነበር፤ እኔ እጥፉን ሰጥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ቸር የሆንኩ መስሎኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

በዚያ እሑድ በገናው በደንብ ተሰማ። እኔ ግን ወደዚያ ቤት ዳግመኛ መሄድ ከበደኝ። ስለዚህ የፍየል ቆዳ ከገበያ ገዛሁ፤ ምላጭ ገዛሁ፤ ማታ ማታ መቁረጥ ተለማመድኩ። ብዙ አበላሽቼ አንዳንዱ ተሳካልኝ። መምህሬ አመሰገነኝ። ጓደኞቼ «ራሱን የቻለ» አሉኝ። እኔም ይኼንኑ አምኜ፣ በኋላም በባኽ አስደግፌ፣ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ረታሁበት። የተማርኩበት ምክንያት ግን ያቺ ስኒ ነበረች። ራሴን የቻልኩት ከሰው ቤት ለመሸሽ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። በወላይታ ቆዳ ፋቂው ደገላ፣ ሸክላ ሠሪው ጪናሻ፣ ቀጥቃጩ ወጋቼ እየተባለ ከገበሬው ተለይቶ ኖሯል። አይጋቡም፤ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። ማረሻውን የሚሠራ፣ ድስቱን የሚሠራ፣ የሚተኙበትን ቁርበት የሚያለፋ ሰው ከደጅ ይቆማል፤ የሠራው ዕቃ ግን እቤት ገብቶ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። እኔ እምቢ ያልኩበት ስኒም እኮ ሸክላ ነው፤ እናቴ ቤት ያለውም ሸክላ ነው! ይህ የወላይታ ብቻ ነውር እንዳይመስላችሁ። በሰሜኑም ሸማኔውና ቀጥቃጩ በቡዳነት ሲታሙ፣ ፋቂ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው በከንቱ አይደለም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ለማረስ ለፈለገ ሁሉ መሬት ፈቀደ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። በየመካከሉም ሰባኪው፣ መምህሩ፣ ካድሬው ሁሉም በየፊናው ተናግሯል። እኔም በዚህ ጉዳይ ላይ በሥነ ዜጋ ፈተና ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። አዋጁ ግን እጄን አልዘረጋልኝም።

እዚህ ላይ የምህንድስናው ጓደኛዬ መልስ አለው፤ ጽሑፉን አስቀድሜ አስነብቤዋለሁ። «እንግዲህ አየህ፣» አለኝ፣ «የኔ ሐሳብ ነው የሚሻለው። እኔ ብሆን በየጊዜው እየሄድኩ እከፍላቸው ነበር፤ ሰውዬው እንጀራ ያገኛሉ። አንተ ራሴን ችያለሁ ብለህ ገቢያቸውን አቋረጥክ።» ይኼ ቀላል ነቀፌታ አይደለም። እኔም ብዙ አሰብኩበት። ሁሉም ሰው የራሱን እንዝራ ቢቆርጥ፣ የራሱን አውታር ቢያከር ፋቂው ምን ይበላል? በሌላ በኩል ግን እኔ ያን ቀን ከፍያለሁ፤ እንዲያውም እጥፍ ከፍያለሁ። ክፍያው ሒሳባችንን ዘጋው እንጂ እኔና እሳቸውን አላቀራረበንም። ብር ከሰው ጋር ለመገናኘት ያገለግላል፤ ከሰው ለመገላገልም ያገለግላል። አዲስ አበባ ላይ ከወላይታ የሄደ ወንድማችን ጫማ ሲጠርግ ፊቱን ሳያይ ሳንቲም የሚጥልለትን ሰው እኛ እዚህ ሆነን እንታዘባለን። እኔ ግን ከዚያ ሰውዬ በምን እለያለሁ? ምናልባት እኔ ፊታቸውን አይቻለሁ። ያ ደግሞ ያብሰዋል።

ከዚህም ሌላ የደርዳሪና የሠሪ ክብር በምን ሚዛን እንደተለየ ልብ በሉ። በገና በታሪኩ የነገሥታትና የመኳንንት መሣሪያ ነው ተብሎ ተከብሯል፤ ማሲንቆና ክራር የያዘው አዝማሪ ሲናቅ እንኳ በገና ደርዳሪው «አባት» ተብሎ ይቀመጣል። ዛሬም የሊቃውንቱን ስም እንጠራለን፤ መጥራታችንም ተገቢ ነው። ዓለሙ አጋ ገና በልጅነታቸው እንጦጦ ላይ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረው፣ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተምረዋል። በደርግ ዘመን የበገናው ትምህርት ሲቋረጥም ሙያው በእንዲህ ያሉ ሰዎች እጅ ነው የተረፈው። በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 11ኛው ዲስክ የሳቸው ድርደራ ነው፤ ፈረንጅም አገር ሄዶ ይደመጣል። ያን ዲስክ በሰማሁ ቁጥር አሁን አሁን አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ከድምፁ ግማሹ እኮ የቆዳ ድምፅ ነው። የፍየሉ ቆዳ፣ የበሬው ቆዳ፣ የበጉ አንጀት። ይህን ቆዳ ማን ፋቀው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስለ ዐሥሩ አውታር ምሥጢር ተምረናል፤ ዐሥሩ ትእዛዛት ናቸው ይባላል። ስለ ሁለቱ ምሰሶም ተምረናል። እንዝራዋን ግን ማንም ምሥጢር አልሰጣትም።

ታዲያ መቁረጡን ልተወው? አልተውም። ባኽ ላባውን ራሱ የተከለው የማንንም ስኒ ሸሽቶ አይመስለኝም፤ የሚፈልገውን ድምፅ ከሱ በቀር ማንም ስላልሰማለት ነው። እኔም ብሆን ሌሊት አውታር ቢታፈንብኝ ተነሥቼ ማስተካከል መቻል አለብኝ፤ በዚህ በኩል በመኝታ ክፍሉ ክርክር የተናገርኩትን አላጥፍም። ያጠፋሁት ሌላ ነገር ነው። ተማርኩ ስል ከማን ተማርኩ? በእግር ጣት ቆዳ ይዞ መቅደድን፣ ቅባት የጠጣውን በጣት መለየትን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ያየሁትን ይዤ ጠፋሁ። ለመምህሬ እግር አጥባለሁ፣ በበዓል እጠይቀዋለሁ፤ ለሳቸው ግን እጥፍ ዋጋ ሰጥቼ ተሰናበትኩ። ሁለቱም ግን አስተምረውኛል።

ባለፈው ሳምንት ሄድኩ። አሁንም ዐቢይ ጾም ነው፤ አሁንም ጭቃ ነው። እንዲያውም ከመንገድ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ጀግና አስመስዬ እንዳላወራችሁ። ሽማግሌው ከደጅ ተቀምጠው ነበር፤ አውቀውኛል። «ያ የሚያጉረመርመው ደህና ነው?» አሉኝ። ራሴ የቆረጥኳቸውን ሦስት እንዝራዎች ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ባለቤታቸው ከበር ላይ ቆመው አዩኝና ወደ ውስጥ ተመለሱ። የሚጠጣ ነገር አላቀረቡም። ለምን ያቅርቡ?

ብዙ ቆየሁ። በኋላ ግን «እማማ፣ ያን ጊዜ ያልጠጣሁት ቱኬ ዛሬ ይኖራል?» አልኩ፤ ድምፄ ደህና አልወጣም።

«ጾም አይደለም እንዴ?» አሉ ከውስጥ።

«ነው። ሰዓቱ ግን ደርሷል። ያን ጊዜም ደርሶ ነበር።»

መልስ አልሰጡኝም። ጥቂት ቆይቶ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌው እንደ ምንም ነገር ሳይቆጥሩት እንዝራዎቼን ወደ ብርሃኑ እያነሡ ይመረምሩ ነበር፤ «በመልኩ ነው የቆረጥከው፤ ቆዳ እኮ መሄጃ አለው» አሉና፣ ከሦስቱ ሁለቱን ወደ ጭቃው ጥለው ቢላዋቸውን አቀበሉኝ።